ቃል አስገቡ

ኑ እስኪ፣ ተጠጉና ቁጭ በሉ። በዚህ በኩል፣ ንፋሱ የማይደርስበት ጥግ። የሮቤ ንፋስ ከሳነቴ ተራራ ከወረደ አሮጊት ነሽ ብሎ አያልፍም። ዛሬ ደክሞኛል፤ ድካሜ የዛሬ ብቻም አይደለም፤ ስለዚህ ቀስ እያልኩ ብናገር ታገሡኝ።

የምነግራችሁ ስለ አንድ ኮምፒውተር ነው። ሳቁ፣ ሳቃችሁን ጨርሱ። ጤቤ ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች ብላችሁ ነው። እውነት ነው፣ አላውቅም። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጠረኝ፤ ስሜን መጻፍና የሱቅ ታፔላ ማንበብ ቻልኩ፣ እዚያው ላይ ቆምኩ። ግን እዚያ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ ብዙ ቀን ውያለሁ። ሰው ከአንድ ነገር ጋር ያን ያህል ፊት ለፊት ከተቀመጠ ጠባዩን ማወቁ አይቀርም።

ታሪኩ የእኔ አይደለም፤ የረቢያ ነው። እሷም ባሏም፣ እንደ እናታቸው አዴ እያሉ የሚጠሩኝ፣ «አዴ ጤቤ፣ ለሚሰማ ሰው ይንገሩ» ብለውኛል። ያለ እነሱ ፈቃድ አፌን አልከፍትም ነበር። ለምን እንደማልከፍት ስጨርስ ይገባችኋል።

ረቢያ የአጥር ጎረቤቴ ናት። የሮቤ ልጅ ናት፤ አስረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ያገባችው ቃሲምን ነው። ቃሲም ከወራቤ በኩል መጥቶ ገበያው ጥግ ላይ ጫማ የሚሸጥ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርስ ሰው ነው። «አካም ጅርቱ አዴ፣ እንዴት አደሩ» ይለኛል፤ እኔም በሁለቱም እመልስለታለሁ። ፍቅራቸው ደህና ነበር። ልጅ ግን ቆየባቸው። ቆየና ቆየና ሰፈሩ ማውራት ጀመረ፤ ወሬው እስከ ወራቤ ደርሶ እናትየውን ይዞ መጣ።

እናትየው ዙሀይራ ትባላለች። እማ ዙሀይራ ይሏታል። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ባሏ የሞተባት፣ ጉልበቷ የሚያማት፣ ያላት ልጅ ቃሲም ብቻ የሆነ ሴት ነበረች። በእሱ ቤት የልጅ ድምፅ ሳትሰማ እንዳትሞት ፈራች። የፈራ ሰው ደግሞ ምላሱ ይሾላል።

ረቢያ በጎባም በሮቤም ተመርምራ ነበር። በሄደችበት ሁሉ «ምንም የለብሽም» ነው የተባለችው። እማ ዙሀይራ አላመነችም።

«ምንም ከሌለብሽ ልጁ የታለ?» ትላታለች። «አሁን ደግሞ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ሐኪሙ ሲናገር በጆሮዬ እሰማለሁ። ኢዱ ሳያልፍ ነገሩ ካልለየ ከአገሬ ሌላ ሚስት አመጣለታለሁ፤ ታጭታለች፣ ጠባቂ ናት።»

ቀልዷን አልነበረም። ረቢያ የዚያን ቀን ከክሊኒክ ይዛው የምትመለሰው ነገር ቤቷን የሚያጸና ወይም ቤቷን ከሌላ ሴት ጋር የሚያካፍላት ነበር። በአጥሩ በኩል መጥታ፣ «አዴ፣ አብረውኝ ይምጡ። ብቻዬን ከእማ ጋር መንገዱን አልችለውም» አለችኝ። እኔም የደም ግፊቴን የምለካበት ጊዜ ደርሶ ነበርና እሺ አልኩ። ቃሲም ይመርመር ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በሰፈራችን ወንድ በዚህ ጉዳይ ይመረመራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

አሁን ስለ ክሊኒኩ ልንገራችሁ። ስሙን ተዉት። ሐኪሙ ዶክተር ፀጋዬ ይባል ነበር፤ ደግ ልጅ ነው። እነዚያ ዓመታት ስብሰባ የበዛባቸው ነበሩ። ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ መልካም አስተዳደር፤ ቃሎቹን እኛ አሮጊቶቹም ሳንቀር እንደ ዳዊት ደገምናቸው። ሰዉ ደግሞ በክሊኒኩ ያማርር ነበር። «ዘመዱን ያስቀድማል»፣ «የጎባ ሰው ሲመጣ በጓሮ ነው የሚገባው» ይባላል። ፀጋዬ አንድ ቀን ጎባ ላይ ስለ ግልጽነት ሲሰበሰብ ውሎ ተመለሰና የእንግዳ መቀበያውን ኮምፒውተር በሁለት እጁ ይዞ ስክሪኑን ወደ እኛ፣ ወደ አግዳሚው አዞረው።

«ከዛሬ ጀምሮ ተራችሁን በገዛ ዓይናችሁ ታዩታላችሁ!» አለ።

አጨበጨብን። አንዷ እልል አለች። ተራው በቁጥር ነበር የሚወጣው፣ ስም የለበትም፤ ክፋት አላየንበትም።

ክፋቱ የመጣው ከመብራት ነው። የሮቤን መብራት ታውቁታላችሁ፤ ሲሄድ አይሰናበት፣ ሲመጣ አያንኳኳ። ያንኑ ኮምፒውተር ደግሞ ፍቅርአዲስ የምትባል ልጅ የላቦራቶሪ ውጤት ትጽፍበታለች። ውጤት ስትጽፍ ስክሪኑን ወደ ራሷ ታዞረዋለች፤ ስትጨርስ ወደ እኛ ትመልሰዋለች። ግን መብራት በሄደ ቁጥር የጻፈችው ስለሚጠፋባት አለቀሰች። ከጎባ ወንድዬ የሚባል ኮምፒውተር ሠሪ መጣና አስተካከለላት። ሲያስረዳት ሰምቼዋለሁ።

«አሁን መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሣል፤ አንቺ መንካት የለብሽም። መጀመሪያ ራሱን ይመረምራል፤ የት ወደቅኩ፣ ምን ይዤ ነበር ይላል። ከዚያ ያቋረጥሽበትን አውጥቶ ያሳይሻል።»

«የይለፍ ቃሉስ?»

«እሱን ቀጥሎ ይጠይቅሻል።»

ቀጥሎ! ልጆቼ፣ ነገሩ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው። ሰው ራሱን ስቶ ሲነቃ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማን አጠገቡ እንዳለ ሳያይ፣ በልቡ የያዘውን ሁሉ ይለፈልፋል። ያ ማሽንም እንዲያ ነበር። እስኪነቃና ቃል እስኪጠይቅ ድረስ የያዘውን ለአግዳሚው ሁሉ ይዘረግፋል።

መጀመሪያ የተያዘው ጉተማ ነው፤ ባለጋሪው። መብራት መጣ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ የጉተማ ውጤት ከነአባቱ ከነአያቱ ስም ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። አግዳሚው ላይ ሁልጊዜ የማይጠፋ መምህር ሙለታ የሚባል ጨጓራ የሚያመው ሰው አለ። ያየውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የመድኃኒት ካርቶን ይሁን የአምቡላንስ ጎን ግድ የለውም። የማናነብ ሰዎች ስለምንበዛ፣ «መምህር፣ ምን ይላል?» ማለት ልማዳችን ነው። የጉተማንም አነበበው፤ «ወስፋት» ብሎ ተረጎመልን። ሳቅን። ጉተማ አብሮን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። የጋሪ ተራው ሁሉ «ወስፋቴ» እያለ ሲጠራው ከረመ።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልመልሳችሁ። ጉም ነበር፤ ከጉሙ ሥር ደግሞ ካፊያ። ረቢያ መሃል፣ እኔና እማ ዙሀይራ ግራና ቀኝ ሆነን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ረቢያ ትልቅ አረንጓዴ ሻሽ እስከ ትከሻዋ ተከናንባ ነበር። መምህር ሙለታ ከወዲያ ጫፍ፣ ጉተማ ከበሩ አጠገብ፣ ሌሎችም ነበሩ።

«ጤቤ፣ ጉልበቴ በረዶ ሆነ» አለች እማ ዙሀይራ። «ይሄ አገራችሁ እውነት ለሰው የተፈጠረ ነው?»

«አንቺው ነሽ በእግርሽ የመጣሽው።»

«ልጄ እዚህ ሆኖብኝ ነዋ! ትናንትና አጋርፋ ድረስ ሄዶ ጫማ ሲያዞር ዋለ። ማታ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እራቱን ሳይበላ ተኛ። ለማን ነው የሚለፋው? ማን ሊወርሰው?»

ይህን ስትል የምታየው እኔን ነው፤ የምትናገረው ለረቢያ ነው። ረቢያ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

ፍቅርአዲስ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዙራ የማለዳውን ውጤት ትጽፋለች። ድንገት ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። መብራት ሄደ።

«ኡፍ! መሃል ላይ!» አለችና ራሷን ያዘች። ከዚያ፣ እጇ እንደለመደው፣ የጠቆረውን ስክሪን ወደ እኛ መልሳ፣ ስለ ጄኔሬተሩ ልትጠይቅ ወደ ጓሮ ወጣች። ጄኔሬተሩ ናፍጣ እንደሌለው ግን እኛም እናውቃለን።

ጠበቅን። መጠበቅ ደመወዝ ቢኖረው እኛ ሮቤዎች ፎቅ በሠራን ነበር። አንዱ ያስላል፣ አንዱ ያዛጋል፣ ቆርቆሮው ላይ ካፊያው ያንሾካሹካል። እማ ዙሀይራ ጉልበቷን ታሻለች። እኔ እንቅልፍ ወሰድ መለስ ያደርገኝ ነበር።

ከውጭ ጩኸቱ መጣ። «ኢብሳን ዱፌ! መጣ! መጣ!» ታውቁታላችሁ፣ መብራት ሲመጣ ከተማው ሁሉ አንድ አፍ ይሆናል። ማሽኑም ጉርር አለና ተነሣ። እኛም እንደ ልማዳችን ቀና አልን፤ የመጣ መብራት የማያይ ማን አለ? ጥቁሩ ላይ ነጫጭ ፊደሎች ሮጡ፤ ራሱን እየመረመረ ነው። ከዚያ ነጭ ገጽ ተዘረጋ።

ክንዴ የረቢያን ክንድ ነክቶ ነበር። እንጨት ሲሆን ተሰማኝ።

«መምህር፣» አለች እማ ዙሀይራ፣ «ተራችን ደረሰ እንዴ? ምን ይላል?»

ሙለታ መነጽሩን አደረገ። አንገቱን አስረዘመ። «እስኪ… የላቦራቶሪ ውጤት… ስም… ቃ…»

ረቢያ ተነሣች። እንዴት እንደተነሣች አላየሁም፤ ያየሁት ማሽኑ ጋ ስትደርስ ነው። አረንጓዴውን ሻሽ ከራሷ ላይ በአንድ እጇ ገፈፈችና ስክሪኑ ላይ ጣለችው። ከዚያ ዘወር ብላ ጀርባዋን ለማሽኑ ሰጥታ ቆመች። ራሷ ባዶ ነበር። ሹሩባዋ፣ ጆሮዋ፣ አንገቷ፤ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት። እኔ ጎረቤቷ የሹሩባዋን ዓይነት ያወቅኩት ያኔ ነው።

«አስተግፊሩላህ!» እማ ዙሀይራ ደረቷን መታች። «ምን ነካሽ? ጂኒ ነው?»

ነጠላዬን አውልቄ ላከናንባት ተነሣሁ። እሷ ግን ዓይኗን ሙለታ ላይ ተክላ ነበር። አትለምነውም፣ አትቆጣውም። ብቻ ታየዋለች።

«ማንን ነው ያለው?» እማ ዙሀይራ ነገሩን አለቀቀችም። «መምህር! ቃ ብለህ ነበር። ቃ ምን? ጨርሰው!»

አግዳሚው ሁሉ ወደ ሙለታ ዞረ። ያ ሰው ያነበበውን ውጦ አያውቅም። ረቢያን አየ፤ እማ ዙሀይራን አየ፤ ሻሹን አየ። መነጽሩን አወለቀና በኮቱ ጫፍ ያብሰው ጀመር።

«ቃል» አለ።

«ምን ቃል?»

«ቃል አስገቡ ነው የሚለው። የይለፍ ቃል። ማሽን ሲነሣ ቃል ካልገባለት ሥራ አይጀምርም።»

«ታዲያ ቃል ቢጠይቅ ራስ መግለጥን ምን አመጣው?»

«ቃሉ እንዳይታይ ነዋ፣ እማ! ቃል ሲገባ ይሸፈናል። ሕጉ ነው።»

ጉተማ ከበሩ በኩል ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ መቼም አንዴ ተቃጥሏል፤ ገብቶታል።

«እውነቱን ነው» አለ። «በእኔ ጊዜ ነው ሳይሸፈን የቀረው። እኔ ለማንኛውም ምንም አላየሁም።» ይህን ብሎ ከነካፖርቱ ዞረና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ግድግዳው ላይ የወባ አጎበር ፖስተር አለ፤ እሱን ያይ ጀመር። ከጎኑ ያለችው ሴትም ዞረች። ከዚያ ሌላው። አንድ በአንድ አግዳሚው ሁሉ ፊቱን አዞረ፤ ሙለታም መነጽሩን ኪሱ ከትቶ ዞረ። እማ ዙሀይራ ብቻ ግራ ገብቷት መሃል ቀረች።

ፍቅርአዲስ ሮጣ መጣች። የሆነውን በአንድ እይታ ተረዳች መሰለኝ፣ ፊቷ ነጣ። ሻሹን አላነሣችውም፤ እንደ ድሮ ፎቶ አንሺ ከጨርቁ ሥር ራሷን አስገብታ፣ የተዘረጋውን ዘጋችው።

ረቢያ ስትመረመር እማ ዙሀይራ አብራ ገባች። ፀጋዬ ያንኑ ነገራት፤ ምንም የለባትም። በጆሮዋ ሰማች። ግን ምን ዋጋ አለው? ስንመለስ መንገዱን ሁሉ፣ ከጋሪውና ከጭቃው ጋር እየተጋፋን፣ ስትሰድባት ነበር።

«ምንም የለባትም ይላል! ሐኪሙም ፈርቷት ነው። በአደባባይ ራሷን የገለጠች ሴት! ይህችን ነው ልጄ ይዞ የሚኖረው? በቃ፣ አበቃ። ነገ ለአገሬ እደውላለሁ።»

ረቢያ የእኔን ነጠላ ተከናንባ መሬት መሬት እያየች ትሄዳለች። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «ምን አይተሽ ነው ልጄ?» አልኳት።

«አዴ፣ አይጠይቁኝ» አለች። «እባክዎ።»

ሁለተኛ አልጠየቅኳትም።

ቃሲም ሱቁን ዘግቶ እንደገባ እማ ዙሀይራ አስጠራችኝ። «ጤቤ ትመስክር! ያየችውን ትናገር!» ትላለች። ገባሁ። ቃሲም በሩ ጋ ቆሟል፤ በእጁ አንድ ጥንድ የልጅ ጫማ ይዟል፣ ለሽያጭ ያመጣው ይሆናል። እናቱ ሁሉንም ነገረችው፤ ሻሹን፣ ወንዶቹን፣ የሰውን ዓይን። እሱ መጀመሪያ የሚሰማ አይመስልም ነበር። ስክሪኑን ሸፈነች ስትል ግን ቀና አለ።

«የትኛውን ስክሪን?» አለ።

«ያንን የክሊኒኩን! መምህሩ ሊያነብልን ሲል!»

ቃሲም ጫማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ረቢያን አየና፣ በቀስታ፣ እኔ እንኳ ለመስማት ጎንበስ ባልኩበት ድምፅ ጠየቃት።

«ምን አየሽ?»

«ስምህን።»

«ከስሜ በታችስ?»

«ከስምህ በታች ሻሼ ነበረ።»

ልጆቼ፣ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ። የዚያን ቀኗን የመሰለ ግን አልሰማሁም። አላነበበችም። ማንበብ ትችል ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት ስድብ ነፃ የሚያወጣት ነገር ከስሙ በታች እንዳለ ገምታለች፤ ባሏ በድብቅ ሄዶ ካልተመረመረ ስሙ እዚያ ምን ይሠራል? ሙለታ ቢጨርሰው ኖሮ እማ ዙሀይራ በጆሮዋ ትሰማ ነበር፤ ነገሩ ያን ሰዓት ያበቃ ነበር። እሷ ግን ሸፈነችው።

ቃሲም ተቀመጠ። ሸክሙን የሚያወርድ የደከመ ሰው ይመስል ነበር።

«እማ» አለ። «ትናንት አጋርፋ አልሄድኩም። ክሊኒክ ነበርኩ። ዛሬም ማለዳ፣ እናንተ ሳትመጡ ሄጄ ሐኪሙ ውጤቱን ነገረኝ። ልጅ የቀረው በእኔ ነው። በረቢያ አይደለም።»

«ማሽን ይሳሳታል» አለች እማ ዙሀይራ።

«በማሽን አይደለም የሰማሽው፣ እማ። እኔ ነኝ የነገርኩሽ።»

እማ ዙሀይራ ጉልበቷን ይዛ ወለሉ ላይ ያለውን ምንጣፍ ታያለች። ያን ጊዜ አዘንኩላት፤ ከወራቤ ድረስ ይዛው የመጣችው ቁጣ ድንገት የምታሳርፍበት ቦታ አጣ። ከዚያ ወደ ረቢያ ቀና አለች።

«መንገዱን ሁሉ ስሰድብሽ… ጠርጥረሽ ነበር?»

«አዎ፣ እማ።»

«ታዲያ ለምን አልመለስሽልኝም?»

«የእኔ ወሬ አልነበረማ» አለች ረቢያ። «የእሱ ነው። እሱ ካልነገረዎት እኔ ከየት አምጥቼ ልንገርዎት?»

እማ ዙሀይራ ራሷን ነቀነቀች። የታጨችውን ልጅ ነገር አላነሣችም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። ብቻ የእኔን ነጠላ ረቢያ ራስ ላይ አየችና፣ «ሻሽሽ የታለ?» አለቻት።

«ክሊኒክ ቀረ። ማሽኑ ላይ።»

«ነገ ሄደሽ አምጪው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት…» ብላ ጀመረችና አቆመች። እጇን አወዛወዘች፣ ዝንብ እንደምታባርር። «ተዪው። ተዪው፣ ይሸፈንበት።»

ሻሹ እዚያው ቀረ። ፍቅርአዲስ አጥባ፣ ጫፉን ሰፍታ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ስክሪኑን ታለብሰው ጀመር። ወንድዬ እመጣለሁ እያለ ሳይመጣ ብዙ ከረመ፤ የጎባና የሮቤ መንገድ ለመኪና አጭር ነው፣ ለቀጠሮ ግን ረጅም ነው። እኛም አልጠበቅነውም። መብራት መጥቶ ከተማው «ዱፌ! መጣ!» ብሎ ሲጮህ፣ የእኛ አግዳሚ ላይ ጉተማ «ቃል አስገቡ!» ይላል፤ ሁላችንም ፊታችንን ወደ አጎበሩ ፖስተር እናዞራለን። አንድ ጊዜ ከሪራ መንደር ማር ይዞ የመጣ ሽማግሌ አይቶን ግራ ገባው።

«የስግደቱ ቂብላ በዚህ በኩል ነው እንዴ?» አለ።

«አይ አባ» አለው ሙለታ፣ «ቃል እየገባን ነው። እርስዎም ይዙሩ።»

ሽማግሌው ከነማሩ ዞረ።

ወንድዬ በመጨረሻ መጣ። ማሽኑ መጀመሪያ ቃል እንዲጠይቅ፣ ሌላው ሁሉ ቀጥሎ እንዲሆን አደረገው። ፀጋዬም ለተራው ሌላ ስክሪን ገዛ። እኛ ግን መዞራችንን አልተውንም። ለምዶብን ይሁን ማሽኑን ሳናምነው ቀርተን፣ እንጃ። ጉተማን ከዚያ ወዲህ ወስፋቴ ብሎ የጠራው ግን አልሰማሁም።

ልጅ ወለዱ ወይ፣ ቃሲም ታክሞ ዳነ ወይ ልትሉኝ አፋችሁን ስታሾሉ አየኋችሁ። አልነግራችሁም። ለእኔ የተፈቀደልኝ እስከዚህ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ከሻሹ ሥር ነው።

በሉ ተነሡ፣ መሽቷል፣ እኔም ጎኔን ላሳርፍ። ብቻ አንዲት ነገር ልለምናችሁ። እናንተ ዛሬ ሁላችሁም ማሽን በኪሳችሁ ይዛችኋል፤ የሰው ገመና ሳትፈልጉት ፊታችሁ ላይ ይበራል። በበራ ጊዜ፣ ከስሙ በታች ያለውን ከማንበባችሁ በፊት፣ ያችን አረንጓዴ ሻሽ አስታውሱልኝ። እባካችሁ፣ ልጆቼ።